ደንበኛው ከፍሏል፣ አፕሊኬሽኑ ግን አላወቀም፦ የኦንላይን ክፍያንና ሰብስክሪፕሽንን ከጃቫስክሪፕት ጋር ስለማገናኘት

አዲስ ባክኤንድ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ፍሮንትኤንዱ (ተጠቃሚው በብራውዘር የሚያየው ክፍል) በሪአክት፣ ባክኤንዱ (በሰርቨር ላይ የሚሮጠው ክፍል) ደግሞ በኖድ ጄኤስ ላይ በኤክስፕረስ የተጻፈ አፕሊኬሽን አለኝ፤ ተጠቃሚዎች በየወሩ እየከፈሉ የሚገለገሉበት ነው። ክፍያውን የምቀበለው በስትራይፕ ቼክአውት፣ ማለትም ስትራይፕ የተባለው የክፍያ አቅራቢ በሚያዘጋጀው የክፍያ ገጽ ነው። ተጠቃሚው «ክፈል» የሚለውን ሲጫን ሰርቨሬ የቼክአውት ሴሽን (የዚያን ክፍያ መዝገብ) ይፈጥራል፣ ብራውዘሩ ወደ ክፍያ ገጹ ይሄዳል፣ ክፍያው ሲያልቅ ደግሞ «እናመሰግናለን» ወደሚለው ገጼ ይመለሳል። ያ ገጽ ሲከፈት በዩዝኢፌክት (በሪአክት ገጹ ሲታይ በሚሮጠው ኮድ) ውስጥ ያስቀመጥሁት የፌች ጥሪ ወደ ሰርቨሬ ይሄድና በዳታቤዙ ውስጥ «ከፍሏል» የሚለውን ዓምድ ወደ እውነት ይለውጠዋል።

በሙከራ ጊዜ አንድም እንከን አላየሁበትም። ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ግን ሦስት ደንበኞች ገንዘባቸው ከካርዳቸው ወጥቶ ሳለ አገልግሎቱ አልተከፈተላቸውም፤ አንድ ሰው ምንም ሳይከፍል ተከፍቶለት አገኘሁት፤ ሌላ ደንበኛ ደግሞ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተቆርጦበታል። መፍትሔው ዌብሁክ (የክፍያ አቅራቢው ሰርቨር ወደ እኔ ሰርቨር በቀጥታ የሚልከው መልእክት) ነው የሚል ነገር አንብቤ ብሞክረውም፣ የፊርማ ማረጋገጫው (መልእክቱ በእርግጥ ከስትራይፕ መምጣቱን የሚያጣራው ኮድ) ሁልጊዜ ስህተት እየመለሰ 400፣ ማለትም «ጥያቄው ልክ አይደለም» የሚል ኮድ ይሰጠኛል፤ ቁልፉን አሥር ጊዜ ገልብጬ ለጥፌዋለሁ። ለመሆኑ ዌብሁኩን ትቼ ከፍሮንትኤንዱ በየጥቂት ሰከንዱ ብጠይቅ አይሻልም ወይ?

ሰርቨር ጠባቂ

የመጨረሻውን ጥያቄዎን አስቀድሜ ልመልስ፦ አይሻልም። ሦስቱ ደንበኞችም፣ ያልከፈለው ሰውም የአንድ ስህተት ሁለት ገጽታዎች ናቸው፤ ይኸውም ለክፍያው መፈጸም ምስክር ያደረጉት ብራውዘሩን መሆኑ ነው። ብራውዘሩ የእርስዎ ሳይሆን የደንበኛው ንብረት ነው። ደንበኛው የካርዱን ማረጋገጫ ለመስጠት ወደ ባንኩ የስልክ መተግበሪያ ተሻግሮ ወደ ገጽዎ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል፤ ገጹን ሊዘጋው፣ ኔትወርኩ ሊቋረጥበት፣ የስልኩ ባትሪ ሊያልቅበት ይችላል። በዚህ ሁሉ መካከል ገንዘቡ ተቆርጧል፣ የእርስዎ ዩዝኢፌክት ግን አንድም ጊዜ አልሮጠም። ባንኩ ተጨማሪ ማረጋገጫ የመጠየቁ ነገር ደግሞ ብርቅ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ በአውሮፓ ጠንካራ የደንበኛ ማረጋገጫን ግዴታ ያደረገው ደንብ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 14 ቀን 2019 ጀምሮ ሲተገበር የመጣ ነው።

ያልከፈለው ሰው ያደረገው ነገር ደግሞ ከዚህ ይቀልላል። «እናመሰግናለን» የሚለውን ገጽ አድራሻ በብራውዘሩ ላይ ጻፈ፤ ገጹ ተከፈተ፤ ፌቹ ሄደ፤ ዳታቤዝዎም አመነው። ሌባ ላይሆንም ይችላል፤ የቆየ ታብ ሪፍሬሽ አድርጎም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አሠራሩን እንዲህ ይቀይሩት። የምስጋና ገጹ ምንም ነገር አይክፈት፤ ሥራው ደንበኛውን መቀበል ብቻ ይሁን። አገልግሎቱን የሚከፍተው፣ የክፍያ አቅራቢው ሰርቨር በቀጥታ ለእርስዎ ሰርቨር የሚልከው መልእክት፣ ማለትም ዌብሁኩ ነው። ለሰብስክሪፕሽን የሚያስፈልጉዎት የመልእክት ዓይነቶች ጥቂት ናቸው፦ የቼክአውት ሴሽን መጠናቀቅ፣ የኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) መከፈል፣ የኢንቮይስ ክፍያ አለመሳካት፣ የሰብስክሪፕሽን መለወጥና የሰብስክሪፕሽን መሰረዝ። ከእነዚህ ውጭ ያሉትን አይመዝገቡባቸው፤ የማይጠቀሙበት መልእክት በመጣ ቁጥር ሎግዎን ከመሙላት በቀር ምንም አይፈይድም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የቼክአውት ሴሽን ተጠናቀቀ ማለት ገንዘቡ ገባ ማለት ላይሆን ይችላል። በካርድ ሲሆን ሁለቱ አንድ ላይ ይመጣሉ፤ ከባንክ ሂሳብ በቀጥታ በሚቆረጥ ክፍያ ግን ሴሽኑ ተጠናቆ የክፍያው ሁኔታ «አልተከፈለም» ሊል፣ ውጤቱም ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል። መልእክቱ ውስጥ ያለውን የክፍያ ሁኔታ ሳያዩ በር አይክፈቱ።

ደንበኛውን ከተጠቃሚዎ ጋር የሚያገናኙትም በኢሜይል አይሁን። ሰዎች በአንድ ኢሜይል ተመዝግበው በሌላ ኢሜይል ይከፍላሉ፤ የድርጅታቸውን ካርድ የሚጠቀሙ ደግሞ የሒሳብ ክፍሉን ኢሜይል ያስገባሉ። ሴሽኑን ሲፈጥሩ የራስዎን የተጠቃሚ መለያ በክላየንት ሪፈረንስ አይዲ ወይም በሜታዳታ ውስጥ አስቀምጠው ይላኩት፤ በዌብሁኩ ተመልሶ ይመጣልዎታል።

ጥሬ ባይት

ስለ ፊርማው እኔ ልናገር፤ በዚህ ጉዳይ ሁለት ሙሉ ቀን አጥቼበታለሁና። ቁልፉን አሥር ጊዜ ገልብጠው ካልሠራ፣ ችግሩ ቁልፉ ላይ ያለመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። አፕሊኬሽንዎን ሲያስጀምሩ ከላይ፣ ከሁሉም ራውት (የጥያቄ መቀበያ አድራሻ) በፊት፣ ኤክስፕረስ ዶት ጄሰን የሚለውን ሚድልዌር (ጥያቄው ራውቱ ጋር ሳይደርስ ጽሑፉን አንብቦ የሚተረጉም ኮድ) አስቀምጠዋል ብዬ እገምታለሁ። ሁላችንም እንዲሁ እናደርጋለንና።

ፊርማው የሚሠራው እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ዌብሁክ ጋር በሄደሩ (ከመልእክቱ ጽሑፍ ጋር በሚመጣው መግለጫ) ውስጥ የጊዜ ማህተምና ፊርማ ይመጣሉ። ላኪው የጊዜ ማህተሙን፣ አንድ ነጥብንና የመልእክቱን ሙሉ ጽሑፍ አያይዞ፣ ለእርስዎና ለእሱ ብቻ በሚታወቀው ሚስጥር በኤችማክ ሻ-256 (በሚስጥር ቁልፍ በሚሠራ የፊርማ ስሌት) ይፈርመዋል። እርስዎም ያንኑ ስሌት ደግመው ሠርተው ሁለቱን ያወዳድራሉ። እንግዲህ ስሌቱ የሚሠራው በባይቶቹ ላይ እንጂ በትርጉማቸው ላይ አይደለም። የጄሰን ሚድልዌሩ ጽሑፉን አንብቦ ኦብጀክት ካደረገው በኋላ እርስዎ መልሰው ስትሪንጊፋይ ቢያደርጉት (ወደ ጽሑፍ ቢለውጡት)፣ ይዘቱ ያው ሆኖ ባይቶቹ ሌላ ይሆናሉ፤ በመስመሮች መካከል የነበረው ክፍተት ይጠፋል፣ 1.0 የነበረው 1 ይሆናል፣ በዩኒኮድ ቁጥር ተጽፎ የመጣ ፊደል በራሱ በፊደሉ ይተካል። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢለወጥ ፊርማው ከነጭራሹ አይገጥምም።

መፍትሔው የዌብሁኩን ራውት ከጄሰን ሚድልዌሩ በላይ ማስቀመጥና ለእሱ ብቻ ኤክስፕረስ ዶት ሮው መጠቀም ነው፤ ዓይነቱንም አፕሊኬሽን ጄሰን ብለው ይግለጹለት። ያን ጊዜ ሪኩዌስት ዶት ቦዲ ኦብጀክት ሳይሆን በፈር (ያልተነካ ጥሬ ባይት) ይሆናል፤ እሱን ሳይነኩ ፊርማውን ለሚያረጋግጠው የስትራይፕ ፈንክሽን፣ ለኮንስትራክት ኢቨንት ይስጡት። ኔክስት ጄኤስ በአፕ ራውተር የሚጠቀሙ ካሉ ደግሞ ሪኩዌስት ዶት ጄሰን በማለት ፋንታ ሪኩዌስት ዶት ቴክስት ብለው ጽሑፉን በጥሬው ያንብቡ። ሰርቨርለስ (የራስን ሰርቨር ሳያስተዳድሩ ኮድ የሚሮጥበት አገልግሎት) ላይ ያላችሁ፣ ጽሑፉ በቤዝ64 ተጠቅልሎ መጥቶ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተመልከቱ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ካልገጠመ፣ ያን ጊዜ ወደ ቁልፉ ይመለሱ። የፊርማው ሚስጥር ከኤፒአዩ (ኮድዎ ስትራይፕን ከሚጠራበት በር) ሚስጥራዊ ቁልፍ የተለየ ነው። በራስዎ ኮምፒውተር ላይ በትእዛዝ መስመሩ መሣሪያ መልእክት ሲያስተላልፉ የሚታተምልዎት ሚስጥርና በዳሽቦርዱ (በስትራይፕ የማስተዳደሪያ ገጽ) ላይ ለተመዘገበው አድራሻ የተሰጠው ሚስጥር አንድ አይደሉም፤ የሙከራው ሞድና የላይቩም (እውነተኛ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት) እንዲሁ የየራሳቸው አላቸው። የሰርቨሩንም ሰዓት ይመልከቱ፤ ላይብረሪው ሳይነገረው የሚቀበለው የጊዜ ልዩነት አምስት ደቂቃ ስለሆነ፣ ሰዓቱ የቀደመ ሰርቨር ትክክለኛውን ፊርማ እየጣለ ሊውል ይችላል።

አዲስ ባክኤንድ (ጠያቂ)

ጥሬ ባይት፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት ሚድልዌሩ ከላይ ነበረ፤ ሦስት መስመር ኮድ ከቦታ ቦታ ባዛወርሁ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያው 200፣ ማለትም «ተሳክቷል» የሚለው ኮድ መጣ።

አሁን ሌላ ነገር ገጠመኝ። አንዱ መልእክት ሁለት ጊዜ ደርሶ፣ ለአንድ ደንበኛ ሁለት የምስጋና ኢሜይል ላክሁ። የሎጉን ጊዜ ሳየው፣ ኢሜይሉን የሚልከው ክፍል ዘግይቶ ስለነበረ 200 የመለስሁት በጣም ቆይቶ ነው። ከዚህም ሌላ ሰብስክሪፕሽኑ ተለወጠ የሚለው መልእክት ሰብስክሪፕሽኑ ተፈጠረ ከሚለው ቀድሞ የመጣበት ጊዜ አለ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው ወይስ የተለመደ ነገር?

ቁጥር ሁለት መዝገብ

የተለመደ ነው፤ እንዲያውም አቅራቢዎቹ ራሳቸው መልእክት ሊደገም እንደሚችልና ቅደም ተከተሉ እንደማይጠበቅ በሰነዳቸው ላይ በግልጽ ይጽፋሉ። ፈጥነው ካልመለሱለት ላኪው እንዳልደረሰ ቆጥሮ ይደግመዋል፤ ስትራይፕ በላይቭ ሞድ፣ በሙከራዎቹ መካከል ያለውን ጊዜ እያረዘመ እስከ ሦስት ቀን ድረስ ይሞክራል። ሰርቨርዎ ለአንድ ሌሊት ቢወድቅ የሚያድንዎትም ይኸው መደጋገም ስለሆነ አይጥሉት።

የእኔ አሠራር ይህ ነው። እያንዳንዱ መልእክት የራሱ መለያ አለው። በዳታቤዙ ውስጥ ይህ መለያ የማይደገምበት ሰንጠረዥ አለኝ። መልእክቱ ሲመጣ ፊርማውን አረጋግጬ፣ መለያውንና ጽሑፉን እዚያ አስገብቼ፣ ወዲያው 200 እመልሳለሁ። መለያው ቀድሞ ካለ ዳታቤዙ ራሱ ይከለክለኛል፤ እኔም ሌላ ምንም ሳልሠራ 200 እመልሳለሁ። ኢሜይል መላክና ሌላው ከባድ ሥራ ከዚያ ሰንጠረዥ እያነበበ የሚሠራ የተለየ ፕሮሰስ ድርሻ ነው።

አንድ ወጥመድ አለው። መልእክቱን «ተሠርቷል» ብለው አስቀድመው ምልክት አድርገው፣ ሥራው መሐል ላይ ሰርቨሩ ቢወድቅ፣ ያ መልእክት ለዘለዓለም ተረስቶ ይቀራል። ስለዚህ «ደረሰ» እና «ተሠራ» ሁለት የተለያዩ ዓምዶች ይሁኑ፤ «ተሠራ» የሚለውም ከሥራው ጋር በአንድ ትራንዛክሽን (ሁሉም አብሮ በሚጸድቅ ወይም አብሮ በሚቀር የዳታቤዝ ሥራ) ውስጥ ይጻፍ።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ በመልእክቱ ውስጥ ባለው የተፈጠረበት ጊዜ ላስተካክለው ብለው አይድከሙ፤ ጊዜው የተጻፈው በሰከንድ ነው፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ሦስት መልእክት ሊፈጠር ይችላል። እኔ መልእክቱን እንደ ደወል ብቻ ነው የማየው። ደወሉ ሲጮህ የሰብስክሪፕሽኑን መለያ ይዤ ወደ ኤፒአዩ ሄጄ አሁን ያለበትን ሁኔታ እጠይቃለሁ፤ የምጽፈውም ያንን ነው። ያን ጊዜ የትኛው መልእክት ቀድሞ መጣ የሚለው ጥያቄ ራሱ ትርጉም ያጣል።

ሰርቨር ጠባቂ

በዚህ ሐሳብ በአብዛኛው ብስማማም፣ ለሁሉም ሰው ይበጃል አልልም። በወሩ መጀመሪያ ብዙ ሺህ ሰብስክሪፕሽኖች በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚታደሱበት አፕሊኬሽን ለእያንዳንዱ ደወል አንድ ጥሪ ካደረገ የኤፒአዩን የጥሪ ገደብ ሊነካ ይችላል። ለጠያቂያችን መጠን ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ቁጥር ሁለት መዝገብ

ልክ ነው። ብዙ ሺህ ደንበኛ ያለው ሰው ሥራውን በሰልፍ አስገብቶ በዝግታ ያካሂደው።

ሁለት ጊዜ ስለተቆረጠበት ደንበኛም ልናገር፤ እስካሁን ማንም አልነካውምና። አንዴ ከተጫኑት በኋላ እንዳይሠራ «ክፈል» በሚለው አዝራር ላይ «ዲሴብልድ» የሚል ማኖር ጥሩ ነው፤ ግን በቂ አይደለም። ደንበኛው ሁለት ታብ ከፍቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ጥሪው ሰርቨር ደርሶ ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቶ፣ የእርስዎ ኮድ «አልተሳካም» ብሎ ደግሞት ሊሆን ይችላል። ለሁለተኛው መድኃኒቱ የአይደምፖተንሲ ቁልፍ ነው፤ አንድ ዓይነት ቁልፍ ይዞ ሁለት ጊዜ የመጣን ጥያቄ ስትራይፕ አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶ ለሁለተኛው የፊተኛውን መልስ ይመልሳል። ቁልፎቹ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይያዛሉ፤ ያንኑ ቁልፍ ይዘው በሌላ መጠን ቢመጡ ደግሞ ስህተት ይመልስልዎታል።

እዚህ ላይ እኔ ራሴ ለወራት የኖርሁበትን ስህተት ልንገርዎት። ቁልፉን የምፈጥረው በራንደም ዩዩአይዲ (የዘፈቀደ መለያ በሚሰጥ ፈንክሽን) ነበር፤ እሱ ባልከፋ፣ ነገር ግን መስመሩ የተጻፈው ጥሪውን በሚደግመው ፈንክሽን ውስጥ ነበር። ጥሪው በተደገመ ቁጥር አዲስ ቁልፍ ይወለዳል፤ አዲስ ቁልፍ ማለት ደግሞ አዲስ ክፍያ ማለት ነው። ኮዱን ያነበበ ሁሉ ቁልፉን አይቶ «አይደምፖተንሲ አለው» ብሎ ያልፈው ነበር። ቁልፉ ከትዕዛዙ ይወለድ፤ ትዕዛዙን በዳታቤዝ መዝግበው የትዕዛዙን መለያ ቁልፍ ያድርጉት።

ለሁለቱ ታቦች ግን ይህ አይረዳዎትም። አዲስ ሴሽን ከመፍጠርዎ በፊት ይህ ተጠቃሚ አሁን የሚሠራ ሰብስክሪፕሽን እንዳለው፣ ወይም ያልተዘጋ ሴሽን እንዳለው ከዳታቤዝዎ ይጠይቁ፤ ያልተዘጋ ካለ አዲስ ሳይፈጥሩ ወደዚያው ይላኩት።

ሽርፍራፊ ቆጣሪ

የገንዘብ ቁጥሩ ስላልተነሣ አጭር ነገር ላስገባ። የብራውዘራችሁን ኮንሶል ክፈቱና 19.99 ሲባዛ በ100 ብላችሁ ጻፉ። መልሱ 1998.9999999999998 ነው። ይህን በፓርስኢንት (ከነጥቡ በኋላ ያለውን በሚቆርጠው ፈንክሽን) ያስገባ ሰው ከእያንዳንዱ ደንበኛ አንዲት ሽርፍራፊ ጎድሎበት፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ እስክትጠይቅ ድረስ ሳያውቅ ይኖራል። የጃቫስክሪፕት ቁጥር ሁሉ ባለ64 ቢት ተንሳፋፊ ስለሆነ ብዙ የአሥርዮሽ ክፍልፋዮችን በትክክል መያዝ አይችልም። ገንዘብን ሁልጊዜ በትንሹ መለኪያ፣ በሙሉ ቁጥር ያስቀምጡ፤ ነጥቡ የሚመጣው ለዓይን ሲታይ ብቻ ነው፣ ለዚያም ኢንትል ዶት ነምበርፎርማት አለልዎት። በ100 ማባዛትም ለሁሉም ገንዘብ አይሠራም፤ የጃፓን የን ሽርፍራፊ የለውም፣ የኩዌት ዲናር ደግሞ ወደ አንድ ሺህ ሽርፍራፊ ነው የሚከፋፈለው።

ዋጋውንም ከብራውዘሩ አይቀበሉ። ፍሮንትኤንዱ የሚልከው የትኛውን ዕቅድ እንደመረጠ ብቻ ይሁን፤ ስንት ነው የሚለውን ሰርቨሩ ያውቃል።

የወር መጨረሻ

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ስለ መጀመሪያው ክፍያ ነው። የሰብስክሪፕሽን ጣጣ የሚጀምረው ግን በሁለተኛው ወር ነው፤ ያን ጊዜ ደንበኛው ገጹ ላይ የለም፣ ምናልባትም ተኝቷል፣ ካርዱም ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠያቂው «ከፍሏል» ብለው የሰየሙት የእውነትና የሐሰት ዓምድ መወገድ አለበት እላለሁ። ያ ዓምድ አንድ ጊዜ እውነት ከሆነ በኋላ ማን ይመልሰዋል? በስድስተኛው ወር መክፈል ያቆመ ሰው እስከ ዛሬ እየተገለገለ አለመሆኑን እርግጠኛ ነዎት?

በምትኩ ሁለት ነገር ያስቀምጡ፦ ሰብስክሪፕሽኑ ያለበትን ሁኔታና የተከፈለበት ጊዜ የሚያልቅበትን ቀን። ሁኔታዎቹ ከእውነትና ከሐሰት ይበዛሉ። «ትራያሊንግ» የሙከራ ጊዜ ነው። «አክቲቭ» ግልጽ ነው። «ኢንኮምፕሊት» የመጀመሪያው ክፍያ ገና ያልተሳካለት ነው፤ በ23 ሰዓት ውስጥ ካልተከፈለ ጊዜው ያልፍበታል፤ ይህን እንደ ደንበኛ የቆጠረ ሰው ነጻ አገልግሎት ይሰጣል። «ፓስት ዲው» እድሳቱ ያልተሳካና ገና እየተሞከረ ያለ ነው። «አንፔድ» እና «ካንስልድ» ደግሞ የክፍያ ሙከራዎቹ ሁሉ ሳይሳኩ ሲያበቁ የሚመጡ ናቸው፤ ወደየትኛው እንደሚሄድ የሚወስነው እርስዎ በዳሽቦርዱ ላይ የመረጡት ቅንብር ነው።

ቀኑን ራስዎ አያስሉት። ጃንዋሪ 31 ቀን 2025ን ይዘው በሴትመንዝ (ወሩን በሚቀይረው ፈንክሽን) ወደ ፌብሩዋሪ ቢያሻግሩት፣ ጃቫስክሪፕት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ማርች 3 ይሰጥዎታል፤ ፌብሩዋሪ 31 የሚባል ቀን ስለሌለ ትርፉን ወደ ፊት ይገፋዋል። ስትራይፕ ግን በ31 የጀመረን ደንበኛ በፌብሩዋሪ በ28 አስከፍሎ በማርች ተመልሶ በ31 ያስከፍለዋል። የሚያልቅበትን ቀን ከእሱ ተቀብለው ይጻፉ። በዚያች ቀንና ደቂቃም በሩን አይዝጉ፤ የእድሳቱ ኢንቮይስ በረቂቅ ተፈጥሮ አንድ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ነው ክፍያው የሚሞከረው። በደቂቃው የዘጋ ሰው በሥርዓት የሚከፍሉትን ደንበኞቹን ሁሉ በየወሩ ለአንድ ሰዓት ያባርራል።

ጥብቅ ነው

በ«ፓስት ዲው» ላይ የእኔ አቋም የተለየ ነው። ያልተከፈለ አገልግሎት ወዲያው ይዘጋ። ሳምንት ሙሉ በነጻ ከተገለገለ በኋላ ካርዱን ያሳድሳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

የወር መጨረሻ

ጥብቅ ነው፣ አቋምዎ ትክክል መሆን አለመሆኑን የአገልግሎቱ ዓይነት ይወስነዋል። እያንዳንዱ አጠቃቀም ለእርስዎ ወጪ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለሌላ ኩባንያ በጥሪ የሚከፍሉ ከሆነ፣ ወዲያው መዝጋቱ ያስኬዳል። ካልሆነ ግን እድሳት የሚከሽፍበትን ምክንያት አስቡት፦ በዚያ ቀን በሒሳቡ በቂ ገንዘብ አለመኖሩ፣ የካርዱ ጊዜ ማለፉ፣ ካርዱ ጠፍቶ በሌላ መተካቱ፣ ባንኩ ያለ ምክንያት መጠራጠሩ። አብዛኞቹ ደንበኛው ሊያጭበረብር የፈለገባቸው አይደሉም፣ እሱም ክፍያው መክሸፉን አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን ከዘጉበት የሚያውቀው በጣም በሚፈልግዎት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ጥቂት ቀን እሰጣለሁ፤ በአፕሊኬሽኑ አናት ላይ «ክፍያዎ አልተሳካም፣ ካርድዎን ያድሱ» የሚል መስመር አሳያለሁ፤ መስመሩ በአንድ ጠቅታ ወደ ደንበኛ ፖርታሉ (ደንበኛው ካርዱንና ሰብስክሪፕሽኑን ራሱ ወደሚያስተካክልበት ገጽ) ያደርሳል። ደንበኛው ሲሰርዝም እንዲሁ ነው፤ የከፈለበት ጊዜ እስኪያልቅ ይገልገል፣ መሰረዙ በጊዜው መጨረሻ ይፈጸም።

ጥብቅ ነው

የእኔ አገልግሎት በእርግጥም በእያንዳንዱ አጠቃቀም የሚያስወጣኝ ነው። ለዚያ ካልሆነ የእርስዎን እቀበላለሁ።

ሰርቨር ጠባቂ

ስለ ቁልፎች ጥቂት ልበል። ሚስጥራዊው ቁልፍ በሪአክት ፕሮጀክቱ ውስጥ በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጭ በሚቀመጥ ቅንብር) ስላለ የተደበቀ የሚመስላቸው አሉ። በቪት (የፍሮንትኤንዱን ኮድ ለብራውዘር በሚያዘጋጀው መሣሪያ) ላይ ስሙ «ቪት» በሚል ቅድመ ቅጥያ የሚጀምር ቫሪያብል ሁሉ ቢልድ ሲደረግ በቀጥታ ወደ ብራውዘሩ ፋይል ይጻፋል፤ ማንም ሰው ከፍቶ ያነበዋል። ፍሮንትኤንዱ የሚይዘው ለሕዝብ የሚታየውን ቁልፍ ብቻ ነው። ሚስጥራዊው አንድ ጊዜ ወደ ጊት (የኮዱ ለውጦች ታሪክ መዝገብ) ከገባ ደግሞ ኮሚቱን (የተመዘገበውን ለውጥ) ማጥፋት አያድንም፤ ቁልፉን ራሱን ይቀይሩት።

የካርድ ቁጥርም በምንም መንገድ በእርስዎ ሰርቨር አይለፍ፤ ሎግ ውስጥ እንኳ አይታይ። ካርዱ የሚሞላበት ሳጥን የአቅራቢው ገጽ ወይም የአቅራቢው አይፍሬም (በገጽዎ ውስጥ የተከተተ የእሱ ገጽ) ሲሆን፣ በፒሲአይ ዲኤስኤስ (በካርድ መረጃ ጥበቃ) ደንብ የሚጠየቁት ነገር በእጅጉ ይቀንሳል። የደንቡ 4ኛ ዕትም በክፍያ ገጽ ላይ የሚሮጡ ስክሪፕቶችን መቆጣጠርን ጨምሯል፤ መስፈርቱም እ.ኤ.አ. ከማርች 31 ቀን 2025 በኋላ አስገዳጅ ሆኗል። ስለዚህ በዚያ ገጽ ላይ የማስታወቂያ መከታተያና የቻት መስኮት ከመደርደር ይቆጠቡ።

ጥሬ ባይት

ጠያቂው «በሙከራ ጊዜ አንድም እንከን አላየሁበትም» ያሉት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። የሞከሩት በስትራይፕ የሙከራ ካርድ ቁጥር፣ በ4242 4242 4242 4242 ብቻ ነው፣ አይደል? ያ ካርድ ሁልጊዜ ይሳካል። በ4000 0025 0000 3155 ይሞክሩ፤ ማረጋገጫ ይጠይቅዎታል፤ የማረጋገጫው መስኮት ሲመጣ ታቡን ይዝጉት። በ4000 0000 0000 0341 ደግሞ ካርዱ ያለ ችግር ይመዘገባል፣ ሊያስከፍሉት ሲሞክሩ ግን ይከሽፋል፤ የእድሳት ክሽፈትን ለማየት ከዚህ የሚሻል የለም። አንድ ወር ላለመጠበቅ የሙከራ ሰዓት የሚባለውን ይጠቀሙ፤ ደንበኛውን ከሰዓቱ ጋር አያይዘው ጊዜውን ወደ ፊት ሲገፉት ኢንቮይሶቹና ዌብሁኮቹ በተራቸው ይመጣሉ።

ሌሊት ሌሊት የሚሮጥ አንድ ትንሽ ስክሪፕትም ይጻፉ። በአቅራቢው ዘንድ የሚሠሩትን ሰብስክሪፕሽኖች በሙሉ ዘርዝሮ ከዳታቤዝዎ ጋር ያስተያይ፤ ልዩነት ካለ ይጻፍልዎት፣ ወዲያው ግን አያስተካክል። የእኔ ስክሪፕት በመጀመሪያው ሌሊት ያወጣውን ዝርዝር ባይ ለራሴ አፈርሁ።

አዲስ ባክኤንድ (ጠያቂ)

ከአሥር ቀን በኋላ ተመለስሁ። «ከፍሏል» የሚለው ዓምድ ጠፍቷል፤ በቦታው ሁኔታና የሚያልቅበት ቀን ተተክተዋል። መልእክቶቹ በሰንጠረዥ ተመዝግበው በሌላ ፕሮሰስ ይሠራሉ። ከፍለው የተዘጋባቸውን ሦስቱን ሰዎች ያገኘሁት በሌሊቱ ስክሪፕት ነው፤ ይቅርታ ጠይቄ ያልተገለገሉበትን ጊዜ ጨምሬላቸዋለሁ፣ አራተኛም ተገኝቷል፤ እሱ ቅሬታ እንኳ አላቀረበም ነበር። ሁለት ጊዜ የተቆረጠበት ደንበኛ ጉዳይ የሁለት ታብ ጉዳይ ነበር፤ ሁለት ሰብስክሪፕሽን በስሙ ይሠራ ስለነበረ አንዱን ሰርዤ ገንዘቡን መልሼለታለሁ። የወር መጨረሻ የጠየቁኝን ጥያቄ ደግሞ መረመርሁት፤ ከፍለው ካቆሙ ሁለት ወር የሆናቸው ሰባት ሰዎች በሩ ተከፍቶላቸው ይገለገሉ ነበር።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ደንበኛው ወደ ምስጋና ገጹ ሲመለስ ዌብሁኩ አንዳንድ ጊዜ ገና አልደረሰም፤ በዚያች ሁለትና ሦስት ሰከንድ «አልከፈሉም» የሚል ገጽ እያየ ይደነግጣል።

ቁጥር ሁለት መዝገብ

መጀመሪያ ያነሡት በየሰከንዱ የመጠየቅ ሐሳብ ቦታው እዚህ ነው። የሴሽኑን መለያ በመመለሻው አድራሻ ውስጥ እንዲያስገባልዎት ያድርጉ፤ ገጹ «ክፍያዎ እየተረጋገጠ ነው» እያለ የራስዎን ሰርቨር በየሁለት ሰከንዱ ይጠይቅ፤ ከጥቂት ሙከራ በኋላም ካልመጣ ሰርቨርዎ በዚያ መለያ አቅራቢውን በቀጥታ ይጠይቅና ዌብሁኩ የሚጠራውን ያንኑ ፈንክሽን ይጥራ። ዌብሁኩና ይህ የገጹ ጥያቄ ተገናኝተው በአንድ ጊዜ ቢመጡ እንዳይጋጩ የሚያደርጋቸው የሰንጠረዡ የማይደገም መለያ ሳይሆን፣ ሁለቱም አሁን ያለውን ሁኔታ ጠይቀው ያንኑ መጻፋቸው ነው። ኢሜይሉን ግን ከዚያ ፈንክሽን ያውጡት፤ አለበለዚያ ሁለተኛው የምስጋና ኢሜይል ተመልሶ ይመጣል።

አዲስ ባክኤንድ (ጠያቂ)

ኢሜይሉ አሁንም እዚያው ውስጥ ነው ያለው። አሁኑኑ ላወጣው ነው።